ሦስት ከመቶ

በሳካይሚናቶ፣ ወደቡ ሳይነቃ፣
በረዶው ከሰማይ እንደ ጨው ሲደቃ፣
ቆሜ እጠብቃለሁ ባልዲዬን ጨብጬ፣
እንደ ገዢ ሳይሆን፣ እንደ ድመት አፍጥጬ።
ሰው ሥጋውን ሲሻ፣ እኔ ልብሱን ብቻ፣
የተላጠ እግሩን፣ የጀርባውን ዋንጫ።

ወይዘሮ ኡሜኖ ጓንቷን እያወለቀች፣
«አሁን ይሄ ቆሻሻ ምን ይሆናል?» አለች።
«ፖስታ» አልኳት። «ወዴት?» «ወደ ሰው ገላ ውስጥ።»
እየሳቀች ያዘች ሸርጣን መገልበጥ።

ዮናጎ ላይ ያለው ቤተ ሙከራችን፣
ባሕር ባሕር ይላል ነጩ ካባችን።
ኖራውን በአሲድ አጥቤ አወጣለሁ፣
ፕሮቲኑን በሶዳ ቀቅዬ አስለቅቃለሁ፤
የሚተርፈው ነገር፣ ከዚያ ሁሉ መከራ፣
እፍኝ የማይሞላ ነጭ ዱቄት፣ ተራ።
ስሙ ኪቶሳን ነው።
በሆምጣጤ ሲርስ አዎንታዊ ሙል ይለብሳል፣
አሉታዊውን ክር፣ ዘረ-መሉን፣ ያቅፋል።
እንደ ዘመድ ያቅፋል፣ እንደ ናፈቀ ሰው፣
ጎድን እስኪሰበር፣ ትንፋሽ እስኪያጥረው።

ችግሩም እዚያ ነው።

ቫይረስ ቢላክማ ያውቃል በር መስበሩን፣
ዘመን ኖሮበታል፣ ተክኗል ነገሩን።
ግን ሌባን መልእክተኛ ማድረግ ያስፈራል፤
ገላ አይረሳም፣ ዳግም ቢመጣ ይጮኻል።
የኔው ምስኪን ቅርፊት ማንንም አያስቆጣ፣
ጠላት አላፈራ፣ ብልሃት ግን አጣ።
ሴሉ ይውጠዋል፣ በከረጢት ይዘጋል፣
በከረጢቱ ውስጥ አሲዱ ይተጋል፤
ቅርፊቴ አይወጣም፣ ቢወጣም አይፈታ፤
ደብዳቤ ያደረሰ፣ ግን እጁን ያልፈታ።

ሁለት ዓመት ሙሉ መስኮቴ ጨለመ፣
አረንጓዴ ሊያበራ አንድም ሴል አልቆመ።
አለቃዬ ኦጊኖ ቁጥር ነው የሚወደው፤
«ቅባቱ አርባ ከመቶ፣ ቫይረሱ ዘጠና፤
ያንቺስ?» ሲል፣ «ዜሮ ነው።»

የካቲት ላይ ነበር። ከኡሜኖ ዳስ ሥር
ቆሜ ሳያት ዋልኩኝ ሣጥን ስታስር።
ሽማግሌ መጣ፣ እጁ የሚንቀጠቀጥ፤
ገመዱን አላላች፣ ሊፈታ ሲል እንዳይቆጥ።
«መንገድ ላይ ቢበተንስ?» ብዬ ጠየቅኋት።
«ቤቱ ከዚያ ማዶ ነው» አለች፣ ሳይጨንቃት፤
«ቋጠሮ በመንገዱ ልክ ነው።»

ራእይ አላየሁም ያን ሌሊት፣ አልዋሽም።
ሰንሰለቱን ማሳጠር ለኔም አዲስ አይደለም፤
በማስታወሻዬ ጠርዝ በእርሳስ ተጽፎ፣
በጥያቄ ምልክት ተቀምጦ ነበር፣ ታልፎ።
እኔ ነኝ የፈራሁ፤
አጥብቄ ካልያዝኩ የሚጠፋ መስሎኝ።

ቆረጥኩት። አጠረ። ጥቂት ሂስቲዲንም
ከቀለበቶቹ ላይ ቀጠልኩ፣ በየመሀልም፣
አሲዱን እየጠጣ፣ ከረጢቱን አሳብጦ፣
ከውስጥ እንዲያፈነዳው፣ እንዲወጣ አምልጦ።
አሥራ አንዴ ከሸፈ። አንዱ እንደ እርጎ ረጋ፣
አንዱ ገና በጠርሙስ ተበተነ ሳይነጋ።

ማክሰኞ ማታ ግን፣ ሰው ሁሉ ሲገባ፣
በጨለማው ሜዳ ላይ አረንጓዴ አበባ፤
ቆጠርኩ። ደግሜ ቆጠርኩ።
«ሦስት» አልኩት ለኦጊኖ። ዝም ብሎ ቆየ፣
ጎንበስ ብሎ ደግሞ በመነጽሩ አየ።
«ሦስት ምንም አይደለም» አለኝ፤ ግን አልሄደም፤
ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ከወንበሩ አልወረደም።

ሲነጋ ወረድኩኝ፣ ልነግራት ለኡሜኖ፤
ወራቱ አልቆ ኖሯል፣ ዳሷ በሸራ ተሸፍኖ።
ባዶ ሣጥን ብቻ፣ አንድ የጠገበ ወፍ፣
የባሕሩ ጩኸት ከግንቡ ሲላተም፣ ሲያርፍ።
ከመንጠቆው ላይ ግን ከረጢት ተሰቅሏል፤
ቅርፊት ነው፣ ታጥቧል።
«ለቺካኮ ፖስታ» ይላል ጽሕፈቱ፣ የተንጋደደ፤
ቀለሙ በውርጩ ጥቂት የወረደ።
አፉ ላይ ገመድ አለ። ቋጠሮውን አየሁት።
ጓንቴን ሳላወልቅ፣ በአንድ ጣት ፈታሁት።